የሸማኔ ሰፈር ጉድጓዶች

ባለፈው ሳምንት ሁለት ወጣቶች በባጃጅ መጥተው ከቤቴ ይዘውኝ ሄዱ። አንደኛው የማዘጋጃ ቤት መሐንዲስ ነው፤ ሁለተኛው ለምን እንደመጣ እስካሁን አልገባኝም፣ ስልኩን ሲነካካ ዋለ። በታችኛው ሰፈር ለፎቅ ቤት መሠረት ሲቆፈር መሬቱ ጉራማይሌ ሆኖ ተገኘ። ዙሪያው ቀይና ደረቅ ነው፤ በመካከል በመካከሉ ግን ጥቁር፣ የላላ፣ የሰው እጅ የሞላው የሚመስል አፈር እስከ ወገብ ይወርዳል። እንዲህ ያለው አንድና ሁለት አይደለም፤ በረድፍ በረድፍ ነው። የቀን ሠራተኞቹ መቃብር ነው ብለው ዶማቸውን ጥለዋል። "አባባ፣ እርስዎ ነባር ነዎት፤ የማን መቃብር ይሆን?" አለኝ መሐንዲሱ በትሕትና። በከዘራዬ ጫፍ ነካ ነካ አደረግሁት። ለረጅም ዘመን አየር ያላገኘ እርጥብ አፈር የራሱ ሽታ አለው፤ እሱ አፍንጫዬን ሲመታኝ የድንጋይ ክምር ላይ ተቀመጥኩ። "መቃብር አይደለም ልጄ፤ መቀመጫ ነው" አልኩት። ዞር ብሎ ጓደኛውን አየው። ያረጀ ሰው ሁሉ የጃጀ ይመስላቸዋል። "ቆፍሩ፤ አጥንት አታገኙም" ብያቸው ተመለስኩ። አጥንት እንደማያገኙ እውነት ነው፤ ነገሩን በሙሉ ግን አልነገርኳቸውም።

ያ ቦታ የሸማኔ ሰፈር ነበር። ሽማግሌዎቻችን ደብረ ማርቆስን ገና መንቆረር እያሉ በሚጠሩበት ጊዜ፣ ከቤተ ክርስቲያን ቁልቁል ሲወርዱ ሰፈሩ ከመታየቱ በፊት ይሰማ ነበር። መወርወሪያ ከግራ ቀኝ ሲመላለስ፣ መምቻው ማጉን ሲያጠብቅ፣ ከየቤቱ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ይወጣል። ሴቶቹ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው እንዝርት ያሾራሉ፤ የተነደፈ ባዘቶ ግቢውን አልፎ አጥር ላይ ይንጠለጠላል። ደህና ቡሉኮ ሁለት ጠገራ ብር ያወጣ ነበር። ጋቢ ባንድ ጠገራ ብር ይሄዳል፤ ገዥው ባላገር ከሆነና ገንዘቡ ካጠረው በአሞሌ ጨው፣ እሱም ካልኖረው ባንድ ቁና ጤፍና በምርቃት ይሞላል። የደብሩ አለቃ ለፋሲካ የሚለብሱት ኩታ ጥለቱ ከትንሽ ጣት አይሰፋም፤ ግን ያን ጥለት ለመጨረስ አንድ ሰው ዐቢይ ጾምን ግማሹን ይቀመጥበታል። ዛሬ በየሱቁ የሚሰቀለውን አንጸባራቂ ነገር ጥበብ ሲሉት እሰማለሁ፤ ዝም እላለሁ። ዝምታ በስተርጅና የተማርኩት ሥራ ነው።

ሸማውን ለብሶ ሸማኔውን የሚንቅ አገር ነበር። "ቁጢት በጣሽ" እያሉ ይሰድቡናል። ልጃችንን ለልጃቸው አያጩም፣ ማኅበር አብረውን አይጠጡም። ስለዚህ የራሳችን ሰፈር፣ የራሳችን ምንጭ፣ የራሳችን ሹም ነበረን። ሸማኔ እንደሚታወቀው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ሰዶ፣ አፋፉ ላይ ተቀምጦ ነው የሚሠራው። በእኛ ሰፈር ታዲያ "ስንት ቤት ነው?" አይባልም፤ "ስንት ጉድጓድ ነው?" ይባላል። ምንጭ ሲጠረግ በጉድጓድ፣ አጥር ሲታጠር በጉድጓድ፣ ሬሳ ሲወጣ ተሸካሚ የሚመጣው በጉድጓድ ነበር። ባለቤቱ አገር ጥሎ ቢሄድ ጉድጓዱ ክፍቱን ይጠብቀዋል፤ ቢሞት ልጁ ወይም የወንድሙ ልጅ እስኪቀመጥበት ክፍቱን ይኖራል። ጉድጓድ የሚደፈነው ሰው ከሰፈሩ ሲባረር ብቻ ነው። ያኔ ሹሙ የመጀመሪያውን አፈር ይጥላል፤ ከዚያ በኋላ ያ ሰው በቁሙ ተዝካሩ እንደወጣ ይቆጠራል። በልጅነቴ አንድ ሌባ ሲደፈንበት አይቻለሁ። ሚስቱ እንደ ሬሳ አለቀሰችበት፣ እሱም አጠገቧ ቆሞ አብሯት አለቀሰ።

ሹማችን አያ ይሁኔ ይባሉ ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጉድጓድ ውስጥ ከመቀመጥ ብዛት ወገባቸው ጎበጥ ያለ፣ ክፉ ቃል ከአፋቸው የማይወጣ፣ ግን ግትር ሰው ነበሩ። ሹምነታቸው ደመወዝ የለውም፤ ለጠብ የሚጠሩት እሳቸው፣ ለልቅሶ የሚቀድሙት እሳቸው ናቸው። ስንሻው የሚባል አንድ ልጅ ነበራቸው፤ ጉድጓዱ ከሳቸው አጠገብ፣ በአንድ ጣሪያ ሥር ነው። እኔ ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ሚስት አግብቻለሁ፣ ጉድጓድ አለኝ፣ በሰፈሩ ዳዊት የደገምኩና መጻፍ የምችል እኔ ብቻ ነኝ። አያ ይሁኔ "ደብተራው" እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር።

ጣልያን በገባ በዓመቱ ይሁን በሁለተኛው፣ አቡጀዲ መጣ። በፊትም ነበር፣ እንዲህ ግን አልረከሰም ነበር። ጣልያን ጦሩን ካሰፈረበት ካምቦ አጠገብ የተከፈተው ሱቅ አንድ ሰው የሚያለብስ አቡጀዲ በጥቂት ሊሬ ይቆርጥ ጀመር። ባላገሩ መጀመሪያ ይስቅበት ነበር፤ "ይኸማ ወረቀት ነው፣ ዝናብ ያሟሟዋል" ይላል። በክረምቱ ሁሉም ወረቀቱን ለብሶ ታየ። ጋቢ ይዘን ገበያ እንወጣና ይዘነው እንመለሳለን። ከዚያ መንገድ ሥራው ተጀመረ። ድንጋይ ለሚፈልጥ በየሳምንቱ ሊሬ ይከፈላል ተባለ፤ ወጣቶቹ አንድ ሁለት እያሉ ሄዱ። ወደ አዲስ አበባ የዘለቀም አለ። ስንሻውና ሌሎች ጥቂቶች ደግሞ ጫካ ገቡ፤ ይኸን ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይናገርም። ሴቶቹ እንዝርት ይዘው እንዲህ ይሉ ነበር፦

ማጉ አለቀ መሰል መወርወሪያው ቆመ፤
ሸማኔው መንገድ ላይ ድንጋይ ተሸከመ።

እኔ ከዚያ ወዲያ አርባ ዓመት ያህል በማዘጋጃ ቤት ጸሐፊነት ኖሬአለሁ። ካንቲባ ሲሾምና ሲሻር፣ አዳራሽ ሲሠራና ሲፈርስ አይቻለሁ። ሁሉም የሚያማርረው ስለ ሰው ብዛት ነው፤ ቤት አነሰ፣ ውኃ አነሰ ይላል። እኔ ግን ሰው እየተቀነሰበት የሚሄድ ሰፈር ማስተዳደር ምን እንደሚመስል ከአያ ይሁኔ አይቻለሁና ለካንቲባዎቹ አላዘንኩም። ምንጩ ለስድሳ ጉድጓድ የተሠራ ነው፤ ደለሉ ግን ሰዎቹ ሄደዋል ብሎ አይቀንስም። ለስድሳ የነበረውን ሥራ ለሃያ ሲያካፍሉት ሃያዎቹ ያጉረመርማሉ፤ ከሚያጉረመርሙት ውስጥ ሁለቱ በማግስቱ ይሄዳሉ፣ ሥራው ለአሥራ ስምንት ይከፈላል። በዚያ ዓመት አንድ ሽማግሌ ሲሞቱብን ቃሬዛውን የያዝነው አራት ሰዎች ነን፤ ሊለውጠን የሚችል ጉልበት ያለው የለም። ዳገቱ ላይ ሦስት ጊዜ አሳረፍነው። ቀድሞ ሬሳ መሬት ነካ ማለት ለሰፈሩ ነውር ነበር። አያ ይሁኔ ራሳቸው ከአራቱ አንዱ ነበሩ፤ ላባቸውን እየጠረጉ "እንግዲህ እሳቸውም ደክሟቸው ነበር፣ ይረፉ" አሉ። ሳቅን። በዚያ ሰፈር ከልባችን የሳቅንበት የመጨረሻው ቀን እሱ ይመስለኛል።

አንድ ቀን ከካምቦው አስተርጓሚ መጣ። ካኪ የለበሰ፣ ቡትቷችን ያስጠላው፣ ግን ጨዋታ የሚያውቅ ሰው ነው። ከተማው ውስጥ ትንንሽ ሰፈሮች እየፈረሱ ለመጋዘን እንደሚሆኑ፣ ብዙ ሠራተኛ ያለበት ሰፈር ግን ከነሹሙ እንደሚቀመጥ ነገረን። ቢሮው በወረቀት ማወቅ ይፈልጋል፤ ስንት ናችሁ? አያ ይሁኔ ቤታቸው ጠሩኝ፤ ወረቀቱን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩ።

"ስንት ልበል፣ አያ?"

"ያለውን በል እንጂ። ስድሳ።"

"የሚሠራው እኮ ተሃያ አይበልጥም።"

"የሚሠራውን ማን ጠየቀህ? ጉድጓዱ ክፍት የሆነ ሰው አለ። ሃያ ብለን ብንጽፍ የሄዱት ሲመለሱ ተየት ይግቡ? መጋዘን ውስጥ?"

ዋሹ አልላቸውም። በእኛ ሥርዓት እውነቱ ስድሳ ነው፤ ሟቹም፣ ስደተኛውም፣ ጫካ ያለውም በየጉድጓዱ አለ። በቢሮው ዓይን ግን ስድሳ ማለት ስድሳ ጤነኛ ወንድ ነው። ይኸን ልዩነት ከሰፈሩ ሰው ሊያውቅ የሚገባው እኔ ነበርኩ፤ ፊደል ያየሁ እኔ ነኝ። አልተናገርኩም። እውነቱን ለመናገር እጅ ጽሑፌ ወዲያ ወዲህ ሳይል ያማረበት ቀን ነበር፤ ስድሳን በፊደልም በአኃዝም ጻፍኩት፣ ሥሩን በቀይ ቀለም አሠመርኩበት።

ሰፈሩ አልፈረሰም። አያ ይሁኔ በእሑድ ቅዳሴ ላይ ቆመው ሲያመሰግኑ አይቻቸዋለሁ። ወር ሳይሞላ አስተርጓሚው ተመለሰ። ለአባይ በረሃው መንገድ ከየጉድጓዱ አንድ ሰው ለሁለት ወር ይሰጣል፤ የሹሙ ጉድጓድ ብቻ ነፃ ነው አለ። ይኸኛው እንደ በፊቱ በፈቃድ አይደለም፣ ሊሬም የለውም። አያ ይሁኔ ባለቤቶቹ እንደሌሉ ነገሩት። አስተርጓሚው ወረቀቴን ከኪሱ አወጣ።

"ይህ ስድሳ ይላል። ሰዎቹ ከሌሉ ወይ ዋሽታችኋል፣ ወይ ሸፍተዋል። የቱን ብዬ ልንገርላችሁ?"

ሁለቱም የመሰቀያ ገመድ እንደሚያስከትል ሁላችንም እናውቃለን። አስተርጓሚው፣ አሁን ሳስበው አዝኖልን ይመስለኛል፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ሰኞ መጥቼ በዓይኔ አያለሁ። ክፍት ያገኘሁትን ጉድጓድ ሰው እለዋለሁ። ድፍን ያገኘሁትን አላየሁም" ብሎ ሄደ።

ሐሙስና ዓርብ ባለቤት የሌላቸውን ጉድጓዶች ደፈንን። አያ ይሁኔ ከቤት ቤት እየገቡ የመጀመሪያውን አፈር ይጥላሉ፤ እኛ እንሞላለን። አንድም ሰው አልሰረቀም፣ አንድም ሰው ደም አላፈሰሰም፤ ግን ያባረርናቸው ያህል ነው። እትዬ ጥሩወርቅ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች፤ ልጇ ሦስት ዓመቱ ነው። ስንገባ ከባሏ ጉድጓድ ውስጥ ገብታ ቆማለች።

"ይኸ ልጅ ሲያድግ ተየት ይቀመጥ? እስቲ ይንገሩኝ፣ አያ ይሁኔ።"

"ክፍት ተሆነ ሰኞ ሰው ይጠይቁሻል፣ እታለም። ማንን ትሰጫለሽ? እሱን?"

ልጁን አየችው። ከዚያ ወጣች። "በሉ እኔ ልጣለው፤ የባዕድ እጅ አይንካው" ብላ በነጠላዋ ጫፍ አፈር ዘግና ጣለች። አያ ይሁኔ ቤቷን ለቀው ሲወጡ ግድግዳውን ይዘው ነበር። እንደዚያ እያደረግን ዓርብ ከሰዓት በኋላ በሰፈሩ ውስጥ ባለቤቱ የሌለ ክፍት ጉድጓድ አንድ ብቻ ቀረ። የስንሻው ነው።

የሰፈሩ ሰው ሁሉ ተከትሎን መጥቶ የአያ ይሁኔ ደጃፍ ላይ ቆመ። ማንም አልጠራውም፤ ማየት ፈልጎ ነው። በሁለት ቀን የወንድሙን፣ የአባቱን፣ የልጁን ጉድጓድ የደፈነ ሰው ነው፤ አልፈረድኩበትም። አንድ ጎረቤታችን "የሹም ልጅ ጉድጓድ አይደፈንም ይሆን?" አለ፣ ለማንም ያልተናገረ መስሎ። የአያ ይሁኔ ሚስት የልጇን ጉድጓድ ጠርጋ፣ መርገጫውን አስተካክላ፣ አጠገቡ ተቀምጣለች።

"አይደፈንም" አሉ አያ ይሁኔ።

"እንግዲያ ሰኞ ሰው ይሰጥበታል" አለ ጎረቤታችን።

"ይሰጥበታል።"

"ማን?"

አያ ይሁኔ ወደ ራሳቸው ጉድጓድ ሄዱ። ድሩ ላይ እኩሌታው የደረሰ ቡሉኮ ነበር። ቢላ አውጥተው ድሩን ከመካከል ቆረጡት። ሸማኔ ያልሆነ ሰው ይኸ ምን እንደሆነ አይገባውም፤ እኛ ግን ሁላችንም ዓይናችንን አዞርን። መወርወሪያውን፣ ቀሰሙን፣ መምቻውን አንድ ባንድ አውጥተው ለሚስታቸው ሰጧት። ከዚያ አካፋውን ወደኔ ዘረጉ።

በሥርዓታችን አንድ ሰው ለሁለት ጉድጓድ አይቆጠርም፤ ጉድጓድ የሌለው ሰው ደግሞ ሹም አይሆንም። ሹም ካልሆኑ ነፃ አይደሉም፤ ነፃ ካልሆኑ በልጃቸው ፋንታ መሄድ ይችላሉ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። የመጀመሪያውን አፈር የሚጥለው ሹሙ ነው፤ ሹሙ የራሱን ሲያስደፍን ማን እንደሚጥል ግን አባቶቻችን አልተናገሩም፣ እንዲህ ያለ ቀን ይመጣል ብለው አላሰቡም። "አያ፣ እኔ አልችልም" አልኳቸው። "ወረቀቱን የጻፈው ይጣል" አሉኝ። በቁጣ አይደለም የተናገሩት። ይኸው ይኸን ያህል ዘመን ነቀፌታ ይሁን አይሁን ሳወጣ ሳወርደው እኖራለሁ። ጣልኩ።

ሰኞ አስተርጓሚው መጣ፤ ከቤት ቤት እየገባ አየ። አያ ይሁኔ ቤት ሲደርስ ድፍኑ የማን ነው አለ። "የኔ" አሉት። ክፍቱስ? "የልጄ ነው፤ እሱ ስለሌለ እኔ እሄድበታለሁ።" ሰውየው ግራ ገባው። "አንተ ሹም ነህ፣ ነፃ ነህ አልተባልክም?" ሲላቸው "ነበርኩ" አሉ። ሌላ ሹም አምጡ አለን። ከበረሃ ቢያድንም፣ እሳቸው ፊት እንደዚያ ያለ ሹመት ማን ይመኛል? አስተርጓሚው ወረቀቱን ገልብጦ እጅ ጽሑፉን አየና "ይህን የጻፈው የትኛው ነው?" ብሎ ጠየቀ። እንዲህ ሆኜ ተሾምኩ። ሹምነቱ ከበረሃው መንገድ አዳነኝ። መጀመሪያ የሠራሁትም ሥራ የሚሄዱትን ሰዎች ስም መጻፍ ነበር፤ ከላይ "ይሁኔ" ብዬ ጀመርኩ። እጄ እንደዚያኛው ቀን ያማረ አልነበረም።

በማግስቱ አያ ይሁኔ እኩሌታውን ቡሉኮ ጠቅልለው ብብታቸው ሥር ይዘው ወጡ። እስከ ጨሞጋ ድልድይ ሸኘኋቸው። ስለ ምንጩ ደለል፣ ስለ አጥሩ፣ እትዬ ጥሩወርቅ እህል እንዳያልቅባት ነገሩኝ። ስለ ስንሻው አንድ ቃል አልተነፈሱም። ሁለት ወሩ ሳይሞላ ከበረሃ የተመለሰ የሰፈራችን ሰው ወባ እንዳልማራቸው ነገረን። ድንጋይ ሲፈልጡ ውለው ነው የተኙት፤ ከመንገዱ ዳር ቀበሯቸው፤ ከፈን ስላልተገኘ በዚያው ቡሉኮ ነው አለ፣ እግራቸው አልተሸፈነም። የተቀበሩበትን ምልክት ጠየቅሁት። መንገዱ ሲሰፋ እንደሚጠፋ ነገረኝ፤ ጠፍቷል።

ሰፈሩ ከዚያ በኋላ ሰፈር አልሆነም። ምንጩን ማስጠረግ አቃተኝ፤ በሁለተኛው ክረምት ደለል ደፈነው። እኔን ማን ይሰማል? አያ ይሁኔ ሲናገሩ ሰው የሚነሣው ከልምድ ነበር፤ እኔ ስናገር ወረቀቱን ያስታውሳል። ሚስታቸው ግን ማለዳ ማለዳ የልጇን ጉድጓድ ትጠርግ ነበር። የወደቀ ሳር፣ የገባ አቧራ አይታይበትም። ሳልፍ በበሩ አያታለሁ፤ ሰላም ብላኝ መጥረጓን ትቀጥላለች፣ እኔም ቶሎ አልፋለሁ።

ጣልያን ሲወጣ ስንሻው ተመለሰ። ፀጉሩን አጎፍሯል፣ ጠመንጃ ይዟል፣ አንድ ታላቅ ሰው ከተከታዮቹ ሊያደርገው ቃል ገብቶለታል። ከተማው እልልታ በእልልታ ሆኖ የሸማኔ ልጅ መሆኑን እንኳ የሚያነሣበት ጠፋ። ሦስት ቀን ቤቱ ሰነበተ። ጉድጓዱ አፋፍ ድረስ ይመጣል፣ ያያል፣ ይመለሳል። የአባቱን ነገር ከእናቱና ከጎረቤት ሰምቷል፤ እኔን ግን አልጠየቀኝም። በአራተኛው ቀን ላከብኝ።

"አንተ ነህ አሉ ሹሙ" አለኝ።

"እኔ ነኝ።"

"እንግዲያ አካፋ አንሣና ይኸን ድፈንልኝ።"

የሰማሁትን ማመን አቃተኝ። "አባትህ እኮ ለዚህ ጉድጓድ ሲሉ..."

"አውቃለሁ" አለ። ፊቱን አዞረ። "ስሄድ ነግሬው ነበር። ቢቀናኝም ባይቀናኝም እዚህ አልቀመጥም፣ ቁጢት በጣሽ መባል በኔ ይብቃ ብየው ነበር። ሰምቷል።"

"ምን አሉህ?"

"ምንም። 'መንገድህን እግዜር ያቅናልህ' ብሎ ሥራውን ቀጠለ።"

እምቢ ማለት እችል ነበር፤ በሥርዓቱ ሹም ያልተስማማበት ጉድጓድ አይደፈንም። ግን በምን አፌ? እናቱ በሩ ላይ መጥረጊያዋን እንደያዘች ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። ልጇንም አላየችውም፣ እኔንም አላየችኝም። አካፋውን አንሥቼ የመጀመሪያውን አፈር ጣልኩ። እሷ መጥረጊያዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ወጣች።